ውርጭ የመታው የዘንባባ ችግኝ፦ መጠበቅ፣ ማከም ወይስ መተካት?

ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራና ሌሊቱ ነፋስ አልባ ሲሆን፣ በደብረ ብርሃን፣ በሱሉልታ፣ በሆለታና በሰንዳፋ አካባቢ ሣሩ ንጋት ላይ አመዳይ ለብሶ ይታያል። በእነዚህ ቀዝቃዛ ቦታዎችም ሆነ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች በየግቢው፣ በየሆቴሉና በመንገድ አካፋዮች ላይ ዘንባባ መትከል የተለመደ ስለሆነ፣ በታኅሣሥና በጥር ቅጠሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት መስሎ ጠውልጎ፣ ከዚያም ቡናማ ሆኖ የደረቀ ችግኝ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ምክሩ ይበዛል። አትክልተኛው ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ መቁረጥ ይፈልጋል፤ ጎረቤት ዩሪያ ይመክራል፤ የእርሻ መድኃኒት ሻጩ የፈንገስ መድኃኒት ያቀርባል፤ ችግኝ ሻጩ ደግሞ «ይህማ አልቆለታል፣ ሌላ ይውሰዱ» ይላል። እያንዳንዱ ምክር የሚሠራበት ጊዜ አለው፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ችግኝ ላይ ሲፈጸሙ ግን ሊድን የሚችለውንም ይገድሉታል። ይህ መመሪያ በቅድሚያ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ የሕክምና አማራጮቹን በእነርሱ ይመዝናል፤ በመጨረሻም ለምትክ የሚሆኑ ዝርያዎችንና የሽፋን ዘዴዎችን ያነጻጽራል።

## በምን እንመዝን?

ባሕር ዛፍ ከመሬት ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዘንባባ ግን አዲስ ቅጠል የሚያወጣው በቅጠሎቹ መሠረት መሐል ከተደበቀች ከአንዲት የዕድገት ነጥብ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ልብ» የምንላት ይህችን ነጥብ ነው። ልቡ የሞተ ባለ አንድ ግንድ ዘንባባ፣ ግንዱ ለወራት አረንጓዴ መስሎ ቢቆም እንኳ፣ ሞቷል። ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያወጡት ዝርያዎች ብቻ አንዱ ልብ ቢሞት በሌላው ይቀጥላሉ። ሌላም ልዩነት አለ፤ የዘንባባ ግንድ እንደሌሎች ዛፎች በየዓመቱ አዲስ የእንጨት ንብርብር ስለማይጨምር፣ በብርድ የተጎዳ የውሃ መተላለፊያው በሌላ አይተካም፣ በቢላዋ የተቆረጠ ቁስሉም አይሽርም።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ዋናው መመዘኛ አንድ አማራጭ ለልቡ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ቅጠልን የሚያሳምር፣ ልብን ግን የሚያጋልጥ ማንኛውም ሥራ በዚህ መመዘኛ ይወድቃል። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ በደጋችን ውርጩ ካለፈ በኋላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሞቃት ወቅት የማገገሚያ መስኮት ሲሆን፣ ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባ የተጎዳ ልብ ውሃ እያቆረ በበሽታ ይጠቃል። ሦስተኛው፣ የተወሰደው እርምጃ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የወጪ ጉዳይ የመጨረሻ ነው፤ ይህንንም ያልነው ዋጋ ስለማይገድ ሳይሆን፣ በዚህ ጉዳይ ጥሩ የሆኑት አማራጮች አብዛኛዎቹ ርካሽ በመሆናቸው ነው።

## ከውሳኔ በፊት ልቡን መመርመር

የቅጠሉ መልክ ብዙ አይነግረንም። ቅጠሉ በሙሉ ደርቆ ልቡ ደኅና የሆነ ችግኝ አለ፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ልቡ የበሰበሰም አለ። እውነቱ የሚታየው በመሐል ላይ ቀጥ ብሎ በሚወጣው፣ ገና ባልተዘረጋው እንደ ጦር የሾለ ቅጠል ላይ ነው። ይህን መሐል ቅጠል በሁለት ጣት ይዞ በቀስታ ወደ ላይ መሳብ ያስፈልጋል፤ በኃይል መጎተት ግን ጤነኛውንም ሊነቅል ይችላል። ጠንክሮ ከያዘ ልቡ በሕይወት የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። ያለ ትግል ሙልጭ ብሎ ከወጣ ጫፉን ማየትና ማሽተት ተገቢ ነው፤ ጫፉ ቡናማ፣ ልቁጥ ያለና የሚሸት ከሆነ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። የመሐል ቅጠል መውጣት ግን የሞት ማረጋገጫ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው የልብ ክፍል ጠንካራና ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ አዲስ ቅጠል ይመጣል።

ጠንክሮ ለያዘው መሐል ቅጠል ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ፈተና አለ። በማርከር ከመሐል ቅጠሉ ጀምሮ ጎኑ እስካለው የቅጠል ዘንግ ድረስ አንድ አግድም መስመር ማስመር ይበቃል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመሐል ቅጠሉ ላይ ያለው የመስመሩ ክፍል ከጎኑ ካለው ከፍ ብሎ ከተገኘ ልቡ እየሠራ ነው፤ ግማሽ ጣት የምታህል ልዩነት እንኳ በቂ ማስረጃ ናት። በጥር ሌሊቶቹ ገና ቀዝቃዛ ስለሆኑ መስመሩ ባይንቀሳቀስ አያስደነግጥም። በሚያዝያም ካልተንቀሳቀሰ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

## የተጎዳውን ችግኝ በተመለከተ ያሉት አማራጮች

### መጠበቅ

መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አፈሩ እንዳይደርቅም እንዳይጨቀይም በልክ ማጠጣትን፣ ውርጭ በሚጠበቅባቸው ቀሪ ሌሊቶች መሸፈንን፣ የደረቀውንም ቅጠል ባለበት መተውን ይጨምራል። የደረቀ ቅጠል ለዓይን ባያምርም ለልቡ ቀጣዩን ውርጭ የሚከላከል ጣሪያ ነው፤ ግማሹ አረንጓዴ የሆነው ቅጠል ደግሞ ችግኙ በዚያ ሰዓት ያለው ብቸኛ የምግብ ምንጭ ነው። ዘንባባ ፖታሺየም ሲያንሰው ከአሮጌ ቅጠሎቹ እየሳበ ለአዲሱ ስለሚያቀርብ፣ እነርሱን ማንሳት የተከማቸ ምግቡን እንደ መውሰድ ነው።

በመመዘኛዎቻችን ሲታይ ይህ አማራጭ ልቡን ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ሊመለስ የማይችል ነገር አያደርግም፣ ወጪውም ከምንም አይቆጠርም። ድክመቱ የጊዜ ነው። መሐል ቅጠሉ ነቅሎ የወጣ ችግኝ እስከ ግንቦት ያለ ምንም ሕክምና ቢጠበቅ መበስበሱ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መጠበቅ ለጠንካራ መሐል ቅጠል ትክክለኛ መልስ ሲሆን፣ ለወጣው ግን ብቻውን አይበቃም።

### ቅጠሉን መቁረጥ

በብዛት የሚፈጸመው ይህ ነው፤ በብዛት የሚጎዳውም ይኸው። በታኅሣሥ የተላጨ ችግኝ በጥር ውርጭ ልቡን ራቁቱን ይዞ ይቆማል። የሆቴልና የመሥሪያ ቤት ግቢዎች ለመልክ ሲሉ ይህን ማድረጋቸው ይገባናል፤ ነገር ግን ሁለት ወር የደረቀ ቅጠል ማየት አዲስ ችግኝ ከመግዛት ይቀላል። ትክክለኛው ጊዜ ውርጩ ሙሉ በሙሉ ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ነው፤ ያኔም የሚቆረጠው ፍጹም የደረቀው ብቻ ነው። በከፊል አረንጓዴ የሆነው አዲሶቹ ቅጠሎች እስኪበረክቱ ድረስ ይቆያል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። የበሰበሱ የቅጠል መሠረቶች ልቡን ከበው እርጥበት የሚይዙ ከሆነ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት እነርሱን አንስቶ ልቡ አየርና ፀሐይ እንዲያገኝ ማድረግ ይጠቅማል። መቁረጫውን ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በበረኪና ወይም በአልኮል ማጽዳት ያስፈልጋል።

### የፈንገስ መድኃኒትና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ

ብርድ የገደለው ሕብረ ሕዋስ ለፈንገስና ለባክቴሪያ ክፍት በር ነው፤ ብዙ ችግኞችን በመጨረሻ የሚገድላቸውም ብርዱ ራሱ ሳይሆን ተከትሎ የሚመጣው መበስበስ ነው። መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ኮፐር ኦክሲክሎራይድና ኮፐር ሃይድሮክሳይድ፣ ፈንገስንም አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ስለሚከላከሉ ለዚህ ሥራ ከሌሎቹ ይመረጣሉ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የበሰበሰው ክፍል ከጸዳ በኋላ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን የተበጠበጠው መድኃኒት ልቡን እስኪያርስ ድረስ ይፈስሳል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ይደገማል። ከዚያ በላይ መደጋገም አይመከርም፤ መዳብ እየተጠራቀመ ለጋውን ሕብረ ሕዋስ ራሱን ያቃጥላል። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ልጆችና የቤት እንስሳት እንዳይደርሱበት መጠንቀቅም የሥራው አካል ነው።

ከፋርማሲ የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ርካሽ አማራጭ ነው። ልቡ ውስጥ ሲፈስ አረፋ እያወጣ ቆሻሻውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ላዩንም ያጸዳል። ኃይሉ ግን በአጭር ጊዜ የሚያልቅና ቀጣይ ጥበቃ የማይሰጥ ስለሆነ፣ በእኛ ግምገማ መዳብን አይተካም፤ መዳቡ እስኪገኝ ድረስ ለማጽጃነት ይበቃል። ሁለቱን በአንድ ቀን ቀላቅሎ ማፍሰስ አያስፈልግም።

መሐል ቅጠሉ ጠንክሮ በያዘ ችግኝ ላይ መድኃኒቱን «ለማንኛውም» ብሎ ማፍሰስ የተለመደ ነው። ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ገንዘቡ ለሽፋን ጨርቅ ቢውል ይሻላል።

### ማዳበሪያ

ዩሪያ ከውርጭ በኋላ ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ የከፋው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሥሩ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ምግብ መሳብ ባቃተው ጊዜ ናይትሮጂን መጨመር ሥርን ያቃጥላል፤ ከተሳበም ለቀጣዩ ውርጭ የተመቸ ለጋ ቅጠል ያስወጣል፤ የፖታሺየምን እጥረትም ያባብሳል። የፖታሺየም እጥረት ያለበት ዘንባባ ደግሞ ብርድን የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነው። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ታይቶ ጫፋቸው የሚደርቅ ከሆነ ችግሩ ከውርጩ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል።

መሐል ቅጠሉ መንቀሳቀስ ከጀመረና አፈሩ ከሞቀ በኋላ፣ ማለትም በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ፖታሺየምና ማግኒዚየም የበዛበት ቀስ ብሎ የሚለቅ ማዳበሪያ በትንሹ መስጠት ተገቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ አዲስ ቅጠሎች አጭር፣ የተጨማደዱ ወይም ጫፋቸው የተቃጠለ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ይህ ቅጠሉ ልቡ ውስጥ ሳለ የደረሰበት ጉዳት፣ ወይም ቀዝቃዛው አፈር ያስከተለው የማንጋኒዝ እጥረት ነው፤ ተከታዮቹ ቅጠሎች ብዙውን ጊዜ ተስተካክለው ይመጣሉ።

### እስከ ጤናማው ድረስ መቁረጥ

መሐል ቅጠሉ ወጥቶ መበስበሱ ወደ ታች እየወረደ ያለን ችግኝ ለማዳን አንዳንዶች የላይኛውን ክፍል በተጸዳ ስለታም ቢላዋ በስስ በስሱ እየቆረጡ፣ ነጭና ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ እስኪታይ ድረስ ይወርዳሉ። በተሳካ ጊዜ ከቁርጡ መሐል አዲስ ቅጠል እየገፋ ይወጣል። በግንድ አልባ ትንሽ ችግኝ ላይ ግን ልቡ የምትገኘው አፈሩ አጠገብ ወይም ከአፈሩ ሥር በመሆኑ፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ማለት ልቡን ራሷን መቁረጥ ይሆናል። ወደ ኋላ መመለስ በሚለው መመዘኛ ይህ አማራጭ የመጨረሻውን ደረጃ ይይዛል፤ መዳቡ ተሞክሮ ሽታው ካልጠፋና ችግኙ ውድ ወይም ትልቅ ከሆነ ብቻ ሊታሰብ ይችላል።

### መተካት

መተካት ሽንፈት ሳይሆን የቀን ጉዳይ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ መስመሩ ካልተንቀሳቀሰና ልቡ ሲነካ ከለሰለሰ መጠበቁ ዋጋ የለውም። ሰኔ መትከያ ወቅት ስለሆነ አዲሱ ችግኝ እስከ ኅዳር ድረስ ሥር ለመስደድ አምስት ወር ያገኛል። ብዙ ግንድ የሚያወጣ ዝርያ ከሆነ ግን እስከ መስከረም ቢታገሡት ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል።

ግንድ ያበጀ ትልቅ ዘንባባ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። በብርድ የተጎዳ የግንድ መተላለፊያ በቀዝቃዛ ወራት የሚፈለገውን ጥቂት ውሃ ሊያደርስ ይችላል፤ ፀሐይ ሲበረታና ቅጠሎቹ ብዙ ውሃ ሲፈልጉ ግን ዛፉ ያገገመ ከመሰለ በኋላ ድንገት ሊጠወልግ ይችላል። በመንገድ ዳር ያለውን እንዲህ ያለ ዛፍ በቅርብ መከታተል የደኅንነት ጉዳይም ነው።

| አማራጭ | ለልቡ | የሚስማማው መቼ ነው | ስሕተት ቢሆን | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| መጠበቅና መሸፈን | ይጠብቃል | መሐል ቅጠሉ ከጠነከረ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ | ጉዳቱ ትንሽ | በጣም ዝቅተኛ |
| ቅጠል መቁረጥ | በውርጭ ወራት ያጋልጣል | ከመጋቢት ጀምሮ፣ የደረቀው ብቻ | አይመለስም | ዝቅተኛ |
| መዳብ ያለበት መድኃኒት | መበስበስን ይገታል | መሐል ቅጠሉ ከወጣ ወዲያው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ | ከበዛ ያቃጥላል | መካከለኛ |
| ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ | ላዩን ያጸዳል | መዳብ እስኪገኝ | ጉዳቱ ትንሽ | ዝቅተኛ |
| ዩሪያ | ለቀጣዩ ውርጭ ያጋልጣል | በውርጭ ወራት ፈጽሞ አይሆንም | ከባድ | መካከለኛ |
| ኮምፖስትና ፖታሺየም | ለማገገም ይረዳል | መጋቢትና ሚያዝያ | ጉዳቱ ትንሽ | መካከለኛ |
| እስከ ጤናማው መቁረጥ | ሊያድንም ሊገድልም ይችላል | ሌላው ሁሉ ካልሠራ | አይመለስም | ዝቅተኛ |
| መተካት | አዲስ ልብ | ሰኔ | ዝርያው ካልተስማማ ይደገማል | ከፍተኛ |

## ለምትክ የትኛው ዝርያ?

በችግኝ መሸጫዎች ሁሉም «ፓልም» ተብለው አጠገብ ለአጠገብ ይቆማሉ፤ ብርድን የመቋቋም አቅማቸው ግን እጅግ ይለያያል። ከዚህ በታች ያሉት የሙቀት መጠኖች በደንብ ሥር ለሰደደ ዛፍ የሚሠሩ ግምቶች ናቸው፤ ለጋ ችግኝ ከዚህ በሁለትና በሦስት ዲግሪ ቀደም ብሎ ይጎዳል። ቴርሞሜትር በሰው ቁመት 2 ዲግሪ ሴልሺየስ እያሳየ በጠራ ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው ቅጠል ከዜሮ በታች ሊወርድ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

| ዝርያ | የሚታገሠው ግምታዊ ዝቅተኛ ሙቀት | አገጋገሙ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|
| ትራኪካርፐስ ፎርቹኒ | ከዜሮ በታች 12 እና ከዚያም በታች | በዝግታ | በጣም ቀዝቃዛ ደጋ፣ ጠባብ ግቢ |
| ካሜሮፕስ ሂዩሚሊስ | ከዜሮ በታች 9 | ከሥሩ ያቆጠቁጣል | ቀዝቃዛ ደጋ፣ ዝቅ ያለ አጥር |
| የካናሪ ዘንባባ | ከዜሮ በታች 7 | መካከለኛ | ሰፊ የደጋ ግቢ |
| ዋሽንግቶኒያ | ከዜሮ በታች 5 | በፍጥነት | መንገድ ዳር፣ ሰፊ ግቢ |
| ንግሥት ፓልም | ከዜሮ በታች 4 | ደካማ | ከውርጭ የተጠለለ ግቢ |
| የሀገራችን ዘንባባ | ከዜሮ በታች 3 | ከሥሩ ያቆጠቁጣል | ወይና ደጋ፣ እርጥብ ቦታ |
| ድንክ ፊኒክስ | ከዜሮ በታች 3 | ደካማ | ማሰሮ፣ በረንዳ |
| ንጉሣዊ ፓልም | ከዜሮ በታች 2 | በጣም ደካማ | ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ |
| አሬካ እና ኮኮናት | ዜሮ ሳይደርሱ ይጎዳሉ | በጣም ደካማ | ቤት ውስጥ ወይም ቆላ |

በእኛ ፍርድ ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ሰፊ ግቢ የካናሪ ዘንባባ ቀዳሚ ምርጫ ነው። ብርዱን ይችላል፣ ለቀዝቃዛውም ክረምት አይከፋም። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሲያድግ አናቱ ብቻ ስምንት ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚሰፋና የቅጠሉ ሥር አስፈሪ እሾህ ስላለው፣ በ100 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ የተተከለ ዕለት ችግሩ ተቀጥሯል ማለት ነው። ዋሽንግቶኒያ ቅጠሉ በቀላሉ የሚቃጠል ቢሆንም ዕድገቱ ፈጣን ስለሆነ ያጣውን በአንድ ዓመት ይመልሳል፤ ግንደ ወፍራሙ ፊሊፌራ የተባለው ዝርያ ደግሞ ከግንደ ቀጭኑ ሮቡስታ ይልቅ ብርድ ይችላል። ትራኪካርፐስና ካሜሮፕስ እንደ ሌሎቹ በየመሸጫው አይደረደሩም፤ በደብረ ብርሃን ዓይነት ቦታ የሚኖር ሰው ግን ፈልጎ ቢያገኛቸው ድካሙን ይክሱታል።

ንግሥት ፓልምን በተመለከተ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ለስላሳና እሾህ አልባ በመሆኑ ይወደዳል፤ በችግኝነቱ ደግሞ ከካናሪው ጋር ያምታታል። መለያው ቅርብ ነው። ቅጠሉን ገልብጦ ጥቃቅኖቹ ቅጠሎች ከዘንጉ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ማየት ይበቃል፤ የካናሪ ዘንባባም ሆነ የቴምር ቅጠል እጥፋቱ እንደ ቦይ ወደ ላይ የተከፈተ ሲሆን፣ የንግሥት ፓልም እጥፋት እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ቴምርን ያነሣን ለአንድ ማሳሰቢያ ነው፤ ቴምር ብርዱን በመጠኑ ቢችልም ፍሬ ለማብሰል እንደ አፋር ያለ ረጅም ሙቀትና ደረቅ አየር ስለሚፈልግ፣ ደጋ ላይ የሚተከለው ለጌጥ ብቻ ነው።

የሆሳዕና ዕለት በየቤተ ክርስቲያኑ የሚታደለው የሀገራችን ዘንባባ ከሥሩ በርካታ ግንድ የሚያወጣ በመሆኑ፣ ቁጥሩ ከሚያሳየው በላይ ዕድል አለው። ውርጭ ላዩን ቢያቃጥለውም ከአፈር አጠገብ ያለው ልጁ ይተካዋል። ለተራ ኪስና ለወይና ደጋ ግቢ ከውጭ ከመጡት ብዙዎቹ ይልቅ እርሱን እንመርጣለን።

## የሽፋን ዘዴዎች ሲነጻጸሩ

የደጋችን ውርጭ በአብዛኛው የሚመጣው መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት በጠራ ሌሊት ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከባድ በመሆኑ ወደ ጎድጓዳና ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ ለዚህም ነው ተዳፋት ላይ ያለ ችግኝ ተርፎ ከሥሩ ያለው የሚቃጠለው። ከዚህ የምንረዳው ሽፋን የሚሠራው ሙቀት በመፍጠር ሳይሆን ከመሬት የሚወጣውን በመያዝ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሽፋን እስከ መሬት መድረስ አለበት፤ አናቱ ላይ ብቻ የታሰረ ጨርቅ ብዙም አይጠቅምም።

ጆንያ፣ አሮጌ አንሶላና ብርድ ልብስ ለጥቂት ችግኞች ይበቃሉ፤ አየር ያሳልፋሉ፣ ዋጋቸውም በቤት ያለ ነው። ከዝናብ ወይም ከጤዛ ሲርሱ ግን ስለሚከብዱ መሐል ቅጠሉን ያጎብጡታል፤ ሦስት እንጨት ተክሎ በላዩ መጣል ይህን ያስቀራል። ላስቲክ ከሁሉም ይረክሳል ይባላል፤ ቅጠሉን የነካበት ቦታ ግን ከሽፋን ውጭ እንዳለ ይቃጠላል፤ ጠዋት ሳይነሣ ከቀረም ፀሐዩ ውስጡን ያጋግለዋል። ቀላሉ ነጭ የሰብል መሸፈኛ ጨርቅ ብርሃንና አየር ስለሚያሳልፍ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ለሆቴልና ለችግኝ ጣቢያ ከሁሉም የሚሻለው እርሱ ነው።

በሥሩ ዙሪያ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ልባቸው ከአፈር ሥር ላለ ግንድ አልባ ችግኞች ትልቅ ጥበቃ ነው፤ ጉዝጓዙ ግን በአናቱ ውስጥ መጠቅጠቅ የለበትም። ደረቅ አፈርን ውርጭ በሚጠበቅበት ቀን ረፋድ ላይ ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር የበለጠ ይይዛል። ማታ ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው። በማሰሮ ወይም በችግኝ ላስቲክ ውስጥ ያለ ዘንባባ ሥሩ በጥቂት አፈር ብቻ የተከለለ ስለሆነ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ለእርሱ ከሁሉም የሚሻለው ሽፋን ግድግዳ ሥር ማስጠጋት ወይም በረንዳ ማስገባት ነው።

በአሜሪካ፣ በተለይም በቴክሳስ ዳላስ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ክፍል እንዳለ አይሠራም። በፈረንጆች የካቲት 2021 በዳላስ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ብርዱ የመጣው ከሰሜን በነፈሰ ቀዝቃዛ አየር ነበር፤ ለቀናትም ቆይቷል። እንዲህ ባለ ብርድ ያለ ሙቀት ምንጭ ጨርቅ ብቻውን አያድንም። ለዚያ አካባቢ ከሽፋን ይልቅ ዝርያ ይወስናል፤ ሳባል ማይነርና የመርፌ ዘንባባ የሚባሉት ዝቅ ያሉ ዝርያዎች ከዋሽንግቶኒያ እጅግ የተሻሉ ናቸው።

## እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

አንድ ወይም ሁለት የተጎዳ ችግኝ ላለውና ብዙ ማውጣት ለማይፈልግ ሰው ማርከር፣ ጆንያና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ መዳቡ የሚገዛው መሐል ቅጠሉ ከወጣ ብቻ ነው። ለሆቴልና ለመሥሪያ ቤት ግቢ ደግሞ መልክ ስለሚያስጨንቅ፣ የደረቁትን ቅጠሎች ከመቁረጥ ይልቅ ወደ ላይ ሰብስቦ በገመድ ማሰር ልቡንም ይሸፍናል፣ የግቢውንም ገጽታ ያስተካክላል። ብዙ ችግኝ የሚተክል የመኖሪያ ቤቶች ማኅበር ገንዘቡን በሕክምና ላይ ከሚያፈስ ይልቅ ጎድጓዳ ቦታዎችን ለሌላ ተክል ትቶ ዘንባባውን በተዳፋቱና በግንብ አጠገብ ቢያደርግ ያተርፋል። ተከራይ ወይም የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ድንክ ፊኒክስን በማሰሮ ይዞ በውርጭ ሌሊት ወደ ውስጥ ቢያስገባው መድኃኒትም ሽፋንም አያስፈልገውም።

ለምትክ በሚገዙበት ጊዜ ችግኙ የት እንዳደገ መጠየቅ ከዋጋው በላይ ይጠቅማል። የአየሩ ሙቀት በየ100 ሜትር ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ሐዋሳ ላይ በጥላ ሥር ያደገ ችግኝ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከለመደው አየር አራት ዲግሪ ያህል ወደሚቀዘቅዝ ቦታ ይገባል። እንዲህ ያለውን በሰኔ ገዝቶ ለሁለት ሳምንት ከፊል ጥላ ባለበት ቦታ ማቆየት፣ ከዚያ ልቡ ቀድሞ ከነበረበት ጥልቀት በታች እንዳይቀበር አድርጎ መትከል፣ ከመስከረም ጀምሮ ናይትሮጂን አለመጨመር፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የውርጭ ወቅቶችም ሽፋኑን ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ አጠገቡ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።